ውስጥ እግር

ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አላት። እናቴ ገና በልጅነቴ ነው ያስቆጠረችኝ፤ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ቢጎድል እንግዳ ፊት የሚያሳፍር ነገር ነበር። ከቅልጥሟ በታች ያለው ግን አይቆጠርም። ያ ቢጫ፣ ቅርፊታምና ጥፍራም እግር ተቆርጦ ለድመት ይወረወራል። ስለዚህ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ዶሮ ሲታረድ፣ ሲገነጠልና ሲታጠብ እያየሁ ኖሬ፣ የዶሮን ውስጥ እግር ገልብጬ ያየሁት ባለፈው ነሐሴ ነው።

ቅዳሜ ነበር፤ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን። እኔ የምሠራው ሮቤ ነው፣ እናቴ ያለችው ጎባ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም፣ በክረምት ከሮቤ ሜዳ ተነስቶ ወደ ጎባ የሚወጣ ሰው በሹራቡ ላይ ሌላ ሹራብ ይደርባል። ጎባ የድሮው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። አሁን የዞኑ መቀመጫም፣ የስንዴው ገንዘብም፣ አውሮፕላን ማረፊያውም ሮቤ ነው። ጎባዎች ስለ ሮቤ ሲያወሩ ልክ ቀሚሷን ለብሳ ስለወጣችባት ታናሽ እህቷ እንደምታወራ ታላቅ እህት ነው። እናቴም እንደዚያው ናት። «ከዚያ ከአቧራችሁ መጣሽ?» ትለኛለች በበጋ። በክረምት ደግሞ «ከዚያ ከጭቃችሁ»።

የዚያን ቀን ግን በሩን ከፍታልኝ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ «ወይዘሮዋ ታነክሳለች» አለችኝ።

ወይዘሮዋ ዶሮ ናት። ቀይ ሳሶ። እናቴ ስድስት ሳሶዎች አሏት፤ በ45 ቀናቸው ቄብ ሆነው የመጡ። የሌማት ትሩፋት የሚባለው ዘመቻ በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በሰፈራችን ዶሮ ያልያዘ ቤት አላውቅም። እናቴም ከአባቴ ሞት በኋላ ጓሮው ባዶ ሆኖባት ስለነበር ቀበሌ ሄዳ ተመዘገበች። የአበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው፤ እነዚህ ግን መጣል ሲጀምሩ እናቴ እንቁላሉን የምታስቀምጥበት ጠፋት። ጎረቤታችን ሀጃ ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ከእናቴ እየተረከቡ ይሸጡላታል። ለእናቴ ያ ገንዘብ የቤት አስቤዛ ብቻ አይደለም። እኔ የምልክላትን ብር «አስቀምጪው፣ እኔ ደሞዝ አለኝ» ብላ የምትመልስበት አቅም ነው።

ወይዘሮ የተባለችው በአካሄዷ ነው። ደረቷን ነፍታ፣ እግሯን አንድ በአንድ እያነሳች፣ ቀሚሷ ጭቃ እንዳይነካባት የምትሳቀቅ ትመስላለች። ዛሬ ግን ጥግ ላይ ቆማ ግራ እግሯን ሰብስባ ይዛለች። ጥሬ ስንበትንላት ሁለት እርምጃ ተራመደችና መልሳ ሰበሰበችው።

ያዝኳትና ገለበጥኳት። የዶሮ ውስጥ እግር ለካ እንደ ሕፃን መዳፍ ለስላሳ ነው፤ መሃሉ ላይ ትራስ የመሰለ ወፍራም ሥጋ አለው። እሱ ትራስ ላይ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ጥቁር ክብ ቅርፊት ተለጥፏል። ዙሪያው አብጧል፣ ቀልቷል፤ ጣቴን ሳሳርፍበት ከሌላው እግሯ ይሞቃል።

«እማዬ ነይ እይው» አልኳት።

እናቴ ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ ቀና አለች። «ይሄን ነገር አውቀዋለሁ» አለችና ወደ ቤት ገባች። በሩን መለሰችው።

* * *

ሀጃ በአጥሩ ክፍተት አንገታቸውን አስገብተው «ሉኩን ምን ሆነች?» አሉ። አሳየኋቸው። «ልጄ፣ ምን ታሠቃዪያታለሽ? ሳትከሳ እረዷት» አሉኝ። ጾም ነው አልኳቸው። ሳቁ፤ የእኛን የጾም አቆጣጠር ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። ወይዘሮዋን መጀመሪያ ያተረፋት ሐኪም ሳይሆን ፍልሰታ ነው።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሳስታውስ አፍራለሁ። ስልኬን ከፍቼ ፈለግኩ። አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ ዶሮዋን በፎጣ ጠቅልላ፣ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ቅርፊቱን በስለት ዙሪያውን ከፍታ፣ አንዲት ነጭ ፍሬ ስትመነግል አየሁ። ቀላል ይመስላል። ከሀጃ ሱቅ አዲስ ምላጭ ገዛሁ፣ ሀጃ ያዙልኝ፣ እኔ ቆረጥኩ። ፍሬ የሚባል ነገር አልወጣም። ደም ብቻ ወጣ፣ ብዙ ደም፤ ወይዘሮዋ አንድ ጊዜ ጮኸችና ዝም አለች። ዝምታዋ ነው ያስደነገጠኝ። ቁስሉ ላይ ጥጥ ጭኜ በጨርቅ አሰርኩት፣ እጄን ታጥቤ ገባሁ።

እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። «ቆረጥሽው?» አለች። «አዎ።» «እነሱም እንደዚያ ነበር ያደረጉት።»

አባቴ በደርግ ጊዜ የሲናና መንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ ነበር፤ በኋላ የሰው ኮምባይነር ይዞ ከአርሲ እስከ ባሌ ስንዴ ሲያጭድ ኖረ። ስኳር እንዳለበት ያወቅነው ሥራ ካቆመ በኋላ ነው። በ2013 ክረምት ቦቲ ጫማው ውስጥ የገባች ሚስማር ላይ ቆሞ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሠራ ዋለ። አልተሰማውም። ስኳር የእግርን ነርቭ ቀስ በቀስ ያደነዝዛል፤ ጤነኛ ሰው ጠጠር ሲገባበት ጫማውን አውልቆ የሚያራግፈው ስለሚያመው ነው። ማታ ሲያወልቅ ካልሲው ላይ ደሙን ያየችው እናቴ ናት። እኔ ያኔ አዳማ ነበርኩ። ስደውል «ምን እሱ፣ እግር ነው» ይለኛል። ልብ አይደለ፣ ኩላሊት አይደለ፤ እግር። እኔም «እግር ነው» የሚለውን ይዤ ወር ያህል ተቀመጥኩ። ጥቁር ቅርፊት ሠርቶ ስለነበር የዳነ መስሎን ነበር። ከቅርፊቱ ሥር ግን እየተቦረቦረ ወደ አጥንቱ ሄዷል። አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል መጀመሪያ ጣቱን፣ ቀጥሎ ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ከሚስማሩ ጀምሮ ሰባት ወር ቆየ። ሰባቱንም ወር ቁስሉን ያጠበችው እናቴ ናት፤ እኔ እየመጣሁ የምሄድ እንግዳ ነበርኩ።

የዚያን ማታ ስለ ዶሮዋ ሁለተኛ አላነሳንም።

* * *

በሳምንቱ ስመለስ እግሯ በጣቶቿ መካከል ሳይቀር አብጦ የሕፃን ቡጢ አክሏል። እሑድ ማታ የዘይት ካርቶን ውስጥ ጭድ ጎዝጉዤ ከተትኳትና ይዣት ወደ ሮቤ ወረድኩ። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «ይቺ ስንት ነው?» አለኝ፤ ለሽያጭ መስላው። ሐኪም ቤት እየወሰድኳት ነው ስለው መኪናው በሙሉ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ብቻ አልሳቁም። «እንቁላል ትጥላለች?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እንግዲያማ ትታከም እንጂ» አሉ፤ ወደ ሳቁት ዞረው።

የእንስሳት ሐኪሙ ወጣት ነው። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሳልገባ ደረስኩ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ስለ ላም ሲያወራ ቆየ፤ እኔ ካርቶኔን ስከፍት የሐኪሙ ፊት በራ። ለዶሮ እግር የሚመጣ ሰው ብዙም የለም አለኝ። ዶሮ ይዞ የሚመጣ ሰው የሚመጣው ፈንግል ገብቶ ግማሹ ካለቀ በኋላ ነው።

መጀመሪያ እግሮቿን ጎትቶ፣ ጣቶቿን ዘርግቶ ለቀቃቸው። አንዱን እግር ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ የምትወድቅ ዶሮ ማሬክ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ሊኖርባት ይችላል፣ እሱ መድኃኒት የለውም አለኝ። የወይዘሮዋ ግን እሱ አይደለም። ጨርቄን ፈታ፣ የምላጬን ሥራ አየና ቀስ ብሎ «ማነው የቀደዳት?» አለ። እኔ ነኝ አልኩ። ብዙ አልተቆጣም። ሕዝቡ በቢላ ይሞክራል፣ አንቺ በምላጭ ሞከርሽ፣ ልዩነቱ ትንሽ ነው አለ።

ከዚያ ያሳየኝን በዝርዝር ልጻፈው፤ ጓሮው ውስጥ ዶሮ ያለው አንባቢ ሊጠቅመው ይችላል። ጓንት አደረገ። ለብ ባለ የጨው ውሃ እግሯን ወደ ሃያ ደቂቃ ነከረ፤ ወይዘሮዋ ሙቀቱ ተስማምቷት ዓይኗን ጨፈነች። ቅርፊቱ ሲለሰልስ በመቆንጠጫ ጠርዙን ያዘና ያለ ምንም ስለት ላጠው። ከዚያ ከሁለት ጎን በጣቶቹ ቀስ እያለ ገፋ። የወጣው ነገር መግል አይመስልም። የደረቀ የበቆሎ ፍሬ የሚመስል፣ ቢጫ፣ ጠንካራ፣ ከታች ሥር ያለው ነገር ነው። ጠረጴዛው ላይ ሲጥለው ድምፅ ሰጠ።

«የወፍ መግል አይፈስም» አለኝ። የእኛን መግል የሚያቀልጠው ነጭ የደም ሴላችን ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው፤ የዶሮ ነጭ የደም ሴል ያ ኢንዛይም ይጎድለዋል። ስለዚህ የእነሱ መግል እንደ አይብ ይረጋል፣ ይጠጥራል፣ እዚያው ይቀመጣል። በመርፌ ልምጠጠው ቢሉት አይመጠጥም። ሥሩ ካልወጣ ላዩ ቢደርቅም ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። መጀመሪያ ወደ ጅማቱ፣ ቀጥሎ ወደ አጥንቱ፤ ሲብስም በደም ተሸክሞ ልብ ድረስ ይደርሳል።

ይሄን ሲል ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ጀርሙ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ። ማታ ቤቴ ሆኜ ስለሱ አነበብኩ። ኦግስተን የሚባል የስኮትላንድ ቀዶ ሐኪም በ1880 በፈረንጆች አቆጣጠር ከሰው እባጭ መግል ወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲያይ እንደ ወይን ዘለላ ተሰብስቦ አገኘው፤ ስሙም ከዚያ መጣ። «ኦሪየስ» ወርቃማ ማለት ነው፤ ሲያበቅሉት ወርቅማ ቀለም ስላለው። እኛ ደግሞ ላባዋ ወርቅ የሚመስለውን ዶሮ ሊብ ወርቅ እንላለን። ጀርሙ የሰውም የዶሮም ቆዳ ላይ ይኖራል፣ በር እስኪከፈትለት ይጠብቃል። ከዶሮ ወደ ሰው ቁስልም ሊያልፍ ይችላል፤ ሐኪሙ ጓንት ያደረገው ለዚህ ነው። እኔ በባዶ እጄ ነበር የገባሁበት።

ቀዳዳውን በአዮዲን አጠበ፣ ቅባት ቀባ፣ ጎዝ አጥፎ ትራስ አበጀለት፣ በጣቶቿ መካከል ፋሻውን እያመሳቀለ አሰረ። የሚዋጥ መድኃኒትም ሰጠኝ። «ይሄን እስክትጨርስና ከጨረሰች በኋላ እኔ እስከምቆጥርልሽ ቀን ድረስ እንቁላሏን ሰው አይበላም» አለ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ጠየቀኝ፦ «ቆጣችሁ ምን ያህል ከፍ ይላል?»

እጄን ከራሴ በላይ አነሳሁ።

«ፓራሹት አላት?»

* * *

ያ ቆጥ የአባቴ ነው። ልጅ ሆኜ ሸለምጥማጥ በአንድ ሌሊት አራት ዶሮ ፈጅቶብን ነበር፤ ሁለቱን ወሰደ፣ ሁለቱን ደማቸውን መጥጦ ጣላቸው። በማግስቱ አባቴ ያረጀ የጽድ ግንድ ጠርቦ፣ የዶሮውን ቤት ጣሪያ ከፍ አድርጎ፣ ቆጡን እጁን ዘርግቶ እስከሚደርስበት ቦታ ሰቀለው። አንድ ሜትር ከሰማንያ። ሸለምጥማጡ ተመልሶ መጥቷል፣ ዱካውን አይተናል፤ ዶሮ ግን አልወሰደም። አባቴ ይሄን ታሪክ እስኪሞት ድረስ ሲያወራው ኖሯል።

ያኔ የነበሩት ግን የአበሻ ዶሮዎች ናቸው። ገብስማ፣ ወሰራ፣ ጥቁር፤ ከአንድ ኪሎ ተኩል የማይበልጡ፣ ከቆጥ ሲወርዱ በክንፋቸው ግማሽ መንገድ የሚበርሩ። ወይዘሮዋን ሀጃ ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጠናት ነበር፤ ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ይሄ ሁሉ ሥጋ በየጠዋቱ ከአንድ ሜትር ከሰማንያ ቁልቁል ይወርዳል፤ ክንፏ የሚሸከማት አይደለም፣ ትወድቃለች ማለት ይቀላል። የምትወድቀው ደግሞ ጠጠር ላይ ነው። ጠጠሩን ያስገለበጥኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት እናቴ ጭቃ እንዳያንሸራትታት ብዬ ግማሽ መኪና ጠጠር ገዝቼ ግቢውን በሙሉ አለበስኩላት፤ የዶሮውን ቤት ወለል ጭምር። ትንሽ ጭረት ትበቃለች። በላዩ ላይ እርጥብ ኩስ አለ፣ የክረምቱ ጭድ አይደርቅም።

ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ይባላል። የኛዎቹ አልጫሩም። ካራውን እኛ ነን ከላይም ከታችም ያስቀመጥንላቸው፤ አባቴ ለአንድ ዓይነት ዶሮ በደንብ አስቦ የሠራውን ቤት፣ ሌላ ዓይነት ዶሮ አስገባንበት። ዶሮ ሲታደል ክትባት ተነግሮናል፣ መኖ ተነግሮናል። ስለ ቆጥ የነገረን የለም። እኛም አልጠየቅንም።

«ለከባድ ዶሮ ከግማሽ ሜትር አይብለጥ» አለኝ ሐኪሙ። «እንጨቱ ጠርዙ ይለስልስ። ጠጠሩ ይውጣ፣ ጭዱ ደረቅ ይሁን። የሁሉንም እግር ደግሞ ገልብጣችሁ እዩ። የሚያነክሱትን ብቻ አይደለም።»

* * *

ወይዘሮዋ እስከ ረቡዕ ድረስ እኔ የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ተቀመጠች። ስለዚያ ብዙ አላወራም፤ አከራዬ ያነቡ ይሆናል።

ረቡዕ ማታ ጎባ ስመልሳት ለእናቴ የታዘዘውን ሁሉ ነገርኳት። ፋሻ በየሁለት ቀኑ ይቀየራል፣ እኔ ደግሞ በየሁለት ቀኑ መምጣት አልችልም። እንዴት እንደምላት ሳስብ መንገዱን ጨርሻለሁ። እሷ ግን ዶሮዋን ከካርቶኑ አውጥታ በፎጣ ጠቀለለቻት፣ ብብቷ ሥር አስገባቻት፣ እግሯን አውጥታ አየችው። «ይሄን ማን አሰረው?» አለች። ሐኪሙ አልኳት። «ጠብቆባታል። ጣቷ ሲቀዘቅዝ አይታይሽም?»

ፈታችው። ለብ ያለ ውሃ አስመጣችኝ፣ ጨው አስጨመረችኝ። ጎዙን በአራት አጠፈች፣ ጥጉን በመቀስ አከበበች፣ ፋሻውን በጥርሷ ይዛ ሳበች፣ ሁለት ጊዜ ዞረች፣ በጣቶቿ መካከል አሳልፋ ጨረሰች። ሦስት ደቂቃ አልፈጀባትም። በሕይወቴ እናቴ ቁስል ስታስር አይቼ አላውቅም ነበር። ሰባት ወር ሙሉ በየቀኑ የሠራችው ሥራ ነው፤ አንድም ቀን ቆሜ አላየሁትም። የማየው የታሰረውን ነበር።

«አንድ ነገር ልጨምርበት» አለች ከሦስት ቀን በኋላ በስልክ። የሐረና ማር አላት፤ ከሳነቴ ማዶ፣ ከደሎ መና በኩል የሚመጣውን። ሐኪሙን ደውዬ ጠየቅኩት። ንጹሕ ማር ክፋት የለውም፣ ጀርም በውስጡ በቀላሉ አይራባም፤ ግን ታጥቦ፣ ከአዮዲኑ በኋላ፣ ሥሱን ብቻ አለ። ማሩን ቀባችላት። በማግስቱ ሌሎቹ አምስት ዶሮዎች ወይዘሮዋን ከበው ፋሻዋን ሲጠቋቁሙ አገኘቻቸው። ከዚያ በኋላ ወይዘሮዋ ማድ ቤት ውስጥ ለብቻዋ ክፍል ተሰጣት።

ሀጃም የራሳቸውን አውራ ዶሮ ይዘው መጡ። የእሱ እግር ሌላ ነው፤ ቅርፊቶቹ እንደ አሮጌ ቆርቆሮ ተነሥተው፣ ከሥራቸው ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይታያል። ይሄ ቁስል አይደለም፣ ቅርፊቱ ሥር የሚገባ በዓይን የማይታይ ተባይ ነው። ሐኪሙ በስልክ የነገረኝን ነገርኳቸው፦ እግሩን በሳሙና አጥቦ በቡሩሽ ቀስ ብሎ ማሸት፣ ከዚያ ቫዝሊን ወፈር አድርጎ ደጋግሞ መቀባት፤ ተባዩ አየር ያጣል። ሀጃ ከሱቃቸው ቫዝሊን ሲያወጡ «ለሚስት ያልተገዛ ለአውራ ዶሮ» ብለው ሳቁ።

የእንቁላሉ ነገር ግን ቀላል አልነበረም። ወይዘሮዋ ታማም መጣል አላቆመችም። እኛ ጾም ላይ ነን፣ እንቁላሉ የሚሄደው ሀጃ ሱቅ ነው። እናቴ በመጀመሪያው ቀን እንቁላሉን በእጇ ይዛ ቆማ ደወለችልኝ። «ሐኪሙ አይበላም ያለው ለእኛ ነው ወይስ ለሁሉም?» አለች። ለሁሉም አልኳት። ዝም አለች። ዘጠኝ እንቁላል ጎመኑ ሥር ቀበረች፤ እህል መጣል ነውር ስለሆነባት በጨለማ ነው የቀበረችው።

* * *

ጭምቷ የተባለችውን ያገኘናት የሁሉንም እግር ስናይ ነው። ከስድስቱ ሦስቱ ታመዋል። አንዷ ገና መጀመሪያዋ ነው፤ ቆዳዋ ቀልቶ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ብቻ አለው፣ በሳምንት ዳነች። ጭምቷ ግን ሁለቱም እግሮቿ ከወይዘሮዋ የባሰ ነበር። ያላወቅንበት ምክንያት ስላላነከሰች ነው። ማንከስ አንድ ደህና እግር ይፈልጋል። እሷ ደህና እግር ስላልነበራት እኩል ትረግጣለች፣ ብዙ ትቀመጣለች፤ እኛም ጠባይዋ ነው ብለን ስም አወጣንላት። እብጠቱ ከውስጥ እግሯ አልፎ ወደ ላይኛው መጋጠሚያ ወጥቷል። ሐኪሙ ፎቶውን አይቶ «ልሞክር እችላለሁ፣ ግን አልዋሽሽም» አለኝ። እናቴ ትሞከር አለች። ነሐሴ 20 ቀን ጠዋት ካርቶኗ ውስጥ ሞታ አገኘቻት። መድኃኒት ስለጠጣች ለውሻም አልሰጠቻትም። አጥሩ ሥር ቆፍራ ቀበረቻት፤ እኔን የነገረችኝ ቅዳሜ ስመጣ ነው።

«ለምን አልደወልሽም?» አልኳት።

«ዶሮ ናት» አለች።

ስለ ቆጡ የተጣላነው የዚያን ቀን ነው። ይውረድ ስላት አይወርድም አለች። ሸለምጥማጡስ? ሽቦ እንመታለታለን፣ በሩን እናጠብቃለን። «አባትሽ ሲሰቅለው እኔ ነኝ ከሥር ሚስማር ያቀበልኩት።» አውቃለሁ እማዬ። «አታውቂም።» እውነቷን ነው፤ አላውቅም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ብላ ተረተችብኝ፤ በቁጣ ነው የጀመረችው፣ መሃል ላይ ግን የምትለው ነገር ከቆጡ ጋር መገጣጠሙን ስታስተውል ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቅኩ። ቆጡ ግን አልወረደም። ጠጠሩን ብቻ በአካፋ አወጣሁ፤ ወለሉን አፈር አልብሼ ደረቅ ጭድ ጎዘጎዝኩ፣ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ጳጉሜን 1 ቅዳሜ ስመጣ ግቢው በር ላይ አንድ ጥቅል የዶሮ ሽቦ ተጋድሟል። እናቴ በእንቁላል ገንዘቧ ገዝታዋለች። «ለበዓል ሰው ሳይመጣ ጨርሺው» አለችኝ፤ ሌላ ምንም አላለችም። መዶሻና ጉጠት አቀበለችኝ።

የአባቴ ሚስማሮች ትልልቅ የአጥር ሚስማሮች ናቸው፤ ጫፋቸው ከኋላ ተቆልምሟል። አንድ በአንድ ስነቅላቸው እናቴ ከሥር ሆና እየተቀበለች ቀሚሷ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ አራት ናቸው። የጽዱ እንጨት ላዩ በብዙ ዶሮዎች እግር ተወልውሎ እንደ ወንበር መደገፊያ ያበራል። ጠርዙን በሞረድ ማለስለስ አላስፈለገኝም። ያንኑ እንጨት፣ በእነዚያው ሚስማሮች፣ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ አድርጌ መታሁት። ሽቦውን በመስኮቱና በጣሪያው ሥር ወጠርኩ።

ሲመሽ ዶሮዎቹ እንዴት እንደሚሆኑ ለማየት በሩ ላይ ቆምን። የወይዘሮዋ ፋሻ ከተፈታ አራት ቀኑ ነው፤ ውስጥ እግሯ ላይ የቀረው እንደ እንብርት የተሰበሰበ ሐመር ጠባሳ ብቻ ነው። አምስቱም ገቡ። አዲሱን ቆጥ አላዩትም። ደረታቸው ላይ እየተገተረ፣ ከአፍንጫቸው ሥር እያለ፣ አንገታቸውን ሰግገው ወደ ላይ፣ የድሮው ቆጥ ወደነበረበት ግድግዳ ያንጋጥጣሉ። አንዷ ዘላ ግድግዳውን መታችና ወደቀች። መሬቱ ጭድ ነው።

«ጅሎች» አለች እናቴ። ነጠላዋን አጣፍታ ገባችና ወይዘሮዋን ከብብቷ ሥር ይዛ አንስታ ቆጡ ላይ አስቀመጠቻት። ወይዘሮዋ ወረደች። መልሳ አስቀመጠቻት። ከዚያ ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን። እስከ እንቁጣጣሽ ማግስት ድረስ ማታ ማታ አምስቱንም በእጇ እያነሳች ስታሳፍር ሰነበተች፤ ከማስቀመጧ በፊት ግን እያንዳንዷን ትገለብጥና በስልኳ መብራት ውስጥ እግሯን ታያለች።